«ውሻ መስሎኝ ነው አጥንት የሰጠሁት»

ቤትና ደጅ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አንድ እንስሳ፣ ስለ ካዮቲ ናቸው፤ ተኩላ የሚመስል፣ ከተኩላ ግን የሚያንስ የሰሜን አሜሪካ አውሬ ነው። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ የቀሩትን ባጭሩ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባለፈው ዓመት ከኦሮራ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ አዳዲስ ቤቶች ከሚሠሩበት ሰፈር ቤት ገዛን። ከጓሯችን አጥር ማዶ ሜዳ ነው፤ ሣርና ደረቅ ወንዝ፣ ከዚያ ወዲያ ቤት የለም። እናቴ ከደብረ ታቦር መጥታ አብራን ናት። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ጸሎቷን ስታደርስ አንድ ከሲታ ግራጫ ውሻ አጥሩ ሥር መጥቶ ይቆማል። «ጌታው የጣለው ምስኪን» ብላ የእንጀራ ፍርፋሪ መስጠት ጀመረች። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ አጥንት። እኔ ያወቅሁት ጎረቤቴ የካሜራውን ቪዲዮ ሲያሳየኝ ነው። ውሻ ሳይሆን ካዮቲ ነው! አሁን ሁለት ሆነዋል። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የአራት ዓመት ልጄ ጓሮ ብስክሌቱን ሲነዳ አንዱ አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ያየዋል። ጮኽኩበት፤ ዞር ብሎ አየኝ እንጂ አልሮጠም። እናቴን ስነግራት «ውሻ መስሎኝ ነው፤ ቢሆንስ ለተራበ ፍጥረት መስጠት ምን ኀጢአት አለው?» አለችኝ። ልጄን ይበላብኛል? ደውዬ እንዲወስዱልኝ ማድረግስ እችላለሁ? እናቴንስ ምን ብዬ ላስረዳት?
የአንድ ልጅ እናት፣ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ እህቴ፣ በጠራራ ፀሐይ መምጣቱ አላስደነገጠኝም። በዚህ ወቅት ግልገል ስለሚያሳድጉ ቀንም ሌሊትም ይዞራሉ፤ «ቀን የወጣ ካዮቲ አብዷል» የሚባለው ወሬ ነው። እኔን ያሳሰበኝ «ዞር ብሎ አየኝ እንጂ አልሮጠም» ያልሽው ነው። ጤነኛ ካዮቲ ሰው ሲጮኽበት ይሮጣል። ያንቺው ያልሮጠው ደፋር ሆኖ አይደለም፤ ከዚያ ቤት የሚወጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ ስላወቀ ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባል የለ?

ይህን በወሬ አይደለም የማውቀው። የተወለድኩት ደባርቅ ነው፤ በስሜን ተራሮች ፓርክ ስምንት ዓመት ስካውት ነበርኩ፤ እዚህ ከመጣሁ ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመት ሌሊት ሌሊት ታክሲ ነዳሁ። ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ዳር አንድ ካዮቲ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ መንገደኛ በሚጠፋበት ሰዓት፣ እኛ አበሾቹ ተሰብስበን ምግባችንን ስንከፍት ይመጣል። መጀመሪያ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ ነበር የሚቀመጠው። የጥብስ አጥንት የወረወርኩለት እኔ ነኝ። ስካውት የነበርኩት፣ «እንስሳ መመገብ ክልክል ነው» እያልኩ ቱሪስት ስቆጣ የኖርኩት ሰውዬ! ደረቱን ነፍቶ ሲቀመጥ አይተን «ሻምበል» ብለን ስም አወጣንለት። ብርዱ ሳይወጣ ሻምበል የመኪና በር ሲከፈት በሰማ ቁጥር እየሮጠ የሚመጣ ሆነ። አንድ ሌሊት ሳምቡሳ የያዘ አንድ ወጣት ሾፌር እጁ ላይ ተንጠለጠለበት። የቀደደው ጓንቱን ብቻ ነው፤ በማግስቱ ግን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መጡ። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን የምበላው መኪና ውስጥ ሆኜ፣ መስኮት ዘግቼ ነው።

ወደ ልጅሽ ልመለስ። ካዮቲ ትንሽ እንስሳ ነው። እዚህ ምዕራቡ አገር ያለው ከ9 እስከ 16 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ግዙፍ የሚያስመስለው ፀጉሩ ነው። በመላው ሰሜን አሜሪካ ሰው ገደለ ተብሎ በእርግጠኝነት የተመዘገበው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ በ1981 ካሊፎርኒያ ግሌንዴል ውስጥ አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን፣ በ2009 ደግሞ ካናዳ ኬፕ ብሬተን ካለው ፓርክ ውስጥ ብቻዋን ስትሄድ የነበረች የ19 ዓመት ወጣት። በዚሁ በአሜሪካ የቤት ውሻ በዓመት ወደ 4.5 ሚሊዮን ሰው ይነክሳል። ስለዚህ እንቅልፍ አትጪ። ይሁንና ይህ ቁጥር የአገሩን ካዮቲ ሁሉ አንድ ላይ ይዞ ነው፤ አጥንት የለመደው ያንቺ ጓሮ ካዮቲ ሌላ ነው። እንደገና ሰው መፍራት እስኪጀምር ድረስ ልጁ ጓሮ ብቻውን አይውጣ። ካየውም እንዳይሮጥ አስተምሪው፤ ለካዮቲ የሚሮጥ ትንሽ ነገር ሁሉ ጥንቸል ነው።

«ሁለት ሆነዋል» ያልሻቸው ባልና ሚስት ይመስሉኛል። በጥርና በየካቲት ይገናኛሉ፣ 63 ቀን ያህል አርግዛ በሚያዝያ አካባቢ ትወልዳለች፤ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት። እሷ ጉድጓድ ውስጥ ስታጠባ እሱ እያደነ ያመጣላታል። እናትሽ የፋሲካውን በግ አጥንት የሰጡት እንግዲህ ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ሳያውቁት አራስ ጠይቀዋል፤ የቀራቸው ገንፎው ነው! ባልየውም የዋዛ ባል አይደለም። ቺካጎ ዙሪያ የ236 ካዮቲዎችን ዘር የመረመሩ ተመራማሪዎች ከጎጆው ውጪ የወለደ አንድም አላገኙም። ግልገሎቹ ከጉድጓድ ሲወጡ የሚከተሉት ወላጆቻቸው የሚሄዱበትን መንገድ ነው። ያ መንገድ በእናንተ ጓሮ እንዳያልፍ ማድረግ ያለባችሁ አሁን ነው።

«ይውሰዱልኝ» የሚለውን ሐሳብ ተይው። የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ካዮቲ አጥምዶ ሌላ ተራራ ላይ አይለቅም፤ አደገኛ ሆኗል ብሎ ካመነ ይገድለዋል። ቢገደልስ? ሜዳው ባዶ አያድርም። የራሱ ክልል የሌለው ጎረምሳ ካዮቲ ሞልቷል፤ ብዙም ሳይቆይ ይተካበታል። የፌዴራሉ መንግሥት ሠራተኞች በ2018 ብቻ ከ68 ሺህ በላይ ገድለዋል፤ ካዮቲ ግን ዛሬ ከሃዋይ በቀር የሌለበት ግዛት የለም። ድሮ የሚያስፈራው ተኩላው ነበር፤ ፈረንጆቹ ተኩላውን ሲጨርሱት ለሱ አገሩ ሁሉ ተከፈተለት። ደግሞም እወቂው፣ ኮሎራዶ ውስጥ ካዮቲ መመገብ በሕግ ያስቀጣል። ጎረቤትሽ ቪዲዮውን ላንቺ ማሳየቱ ጨዋ ሰው ቢሆን ነው።

እናትሽን ግን በሕግ አታስፈራሪያቸው። «ኀጢአት ነው»ም አትበያቸው፤ አይደለማ። «እማዬ፣ አገር ቤት በሬ ሲሞት የት ነበር የሚጣለው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። «ደጃፍ» እንደማይሉሽ እወራረዳለሁ። ከመንደር ራቅ ተደርጎ ገደል ነው የሚጣለው። ለምን ስትያቸው «ጅብ እንዳናስለምድ» ይሉሻል። ከዚያ በኋላ አንቺ የምትጨምሪው ነገር የለም፤ ማስለመድ ምን እንደሆነ ካንቺም ከኔም በላይ ያውቃሉ። ቸገራቸው እንጂ አልጠፋቸውም፤ እዚህ አገር የመጣ እናት ቀኑን ሙሉ የሚጠይቀው ጎረቤት፣ የሚያበላው እንግዳ የለውም። ያ ካዮቲ በየማለዳው የሚመጣላቸው ብቸኛ እንግዳ ነበር። ይህን አትርሺው።

ስለዚህ ሥራ ስጫቸው። የደጋ ሰው ልጅነቱን የሚያሳልፈው ማማ ላይ ወጥቶ፣ ጅራፍ እያጮኸ፣ ወንጭፍ እየወነጨፈ ገብሱን ከጭላዳና ከወፍ ሲጠብቅ ነው። እዚህ በሥልጠና የሚሰጠው ትምህርት ከዚያ አይለይም፦ ፊት ለፊቱ ቁሚ፣ ክንድሽን ዘርግተሽ ግዘፊ፣ በወፍራም ድምፅ ጩኺ፣ ወደ እሱ ተራመጂ፣ አጠገቡ ጠጠር ወርውሪ፣ ከዓይንሽ እስኪሰወር አታቋርጪ፤ ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ የለም። ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ሳንቲም ጨምረሽ አፉን አሽገሽ ለእናትሽ ስጫቸው፤ ማንኳኳት ነው። ጅራፍ ግን ይቅርባችሁ። የማውቀው ሰው ለቡሄ ልጆቹን ሊያሳይ ብሎ ጓሮው ውስጥ ቢያጮኸው ጎረቤቶቹ ጥይት መስሏቸው ፖሊስ ጠርተውበታል።

ማባረሩን እናትሽ ራሳቸው ቢጀምሩት ይሻላል። እንስሳው የሚያውቀው እሳቸውን ነዋ። የመጀመሪያ ቀን ግራ ይገባዋል፣ ቆሞ ያያቸዋል፤ በማግስቱም ይመጣል፣ በሦስተኛውም። አንድ ቀን አዝናችሁ ከወረወራችሁለት የሳምንቱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ለእናትሽ ስለ ሻምበል ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል፤ ከኔ የሰማሽው መሆኑንም ጨምረሽ።

አጥሩስ? እናንተ ሰፈር ያለው ባለ ሦስት አግዳሚ እንጨት ከሆነ ለካዮቲ የተከፈተ በር ነው። እውነተኛ መከላከያ የሚሆነው ከፍታው 1.8 ሜትር የሆነ፣ ግርጌው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው፤ የሰፈራችሁ ማኅበር እሱን አይፈቅድ ይሆናል። ያም ባይሆን አግዳሚዎቹ ላይ ከውስጥ በኩል ሽቦ ወጥሩበት። ከዛፍ የረገፈ ፖም ልቀሙ። የወፍ ጥሬ የምትሰቅሉ ከሆነ አውርዱት፤ ጥሬውን ፍለጋ አይጥ ይመጣል፣ አይጡን ፍለጋ እሱ ይመጣል። አጥንቱን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩና የቆሻሻ መኪና በሚመጣበት ጠዋት አውጡት።

ከአጥሩ ውጪ ሌላ ነገር አለ። በዚህ ወቅት ሜዳው ውስጥ በእግር ስትሄጂ፣ በተለይ ውሻ ይዘሽ፣ አንድ ካዮቲ ራቅ ብሎ ሊከተልሽ ይችላል። ሊበላሽ አይደለም፤ ግልገሎቹ ካሉበት እየሸኘሽ ነው። እዚያ ጩኸትም ጠጠርም አያስፈልግም። ያለሽው እሱ ቤት ነው፤ ውሻሽን አሳጥረሽ ይዘሽ፣ ፊትሽን ወደ እሱ እንዳደረግሽ ቀስ ብለሽ በመጣሽበት ተመለሺ።

ጥያቄ፦ የሐረር ልጅ ነኝ። ጅብ ከሰው አፍ ሥጋ ሲቀበል እያየሁ ነው ያደግሁት። ውሻ የምታህል ነገር እዚህ አገር ይህን ያህል የምታስጨንቀው ለምንድን ነው? ሰው ከአውሬ ጋር መኖር አቅቶት ነው?
ከዳላስ፣ ቴክሳስ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐረርን ላንተ አላስተምርህም፤ የምታውቀውን ላስታውስህ ብቻ። ጅብ የሚበላው በየሰው ደጅ አይደለም። በታወቀ ቦታ፣ በታወቀ ሰዓት፣ ጅቦቹን በስም የሚጠራ አንድ ሰው ነው የሚያበላቸው። የጀጎል ግንብ የጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለው፤ በአሹራ ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ከተማውና ጅቡ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የተስማሙበት ነገር ነው፤ ልጁም ሽማግሌውም ወሰኑን ያውቃል። ከተማዋም በቆሻሻ ጽዳት ተጠቅማለች። ኦሮራ ወይም ዳላስ ላይ መቶ ቤት ቢኖር አንዱ ይመግባል፣ አንዱ ይተኩሳል፣ አንዱ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ እንስሳው የትኛውን ይመን?

ደግሞ ጅብን አናቆላምጠው። ባገራችን ገጠር ጅብ ልጅ የበላበት ቤት አለ።

ስለ ጅብ ካነሣህ ግን አንድ የምወደው ጥናት አለ። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ፀጉር መርምረው በ2012 አሳትመዋል። በሁዳዴ 55 ቀን ሰው ሥጋ ሲያቆም፣ ቄራና ቤት የሚጥለው አጥንት ይጠፋል። ጅቡ ምን አደረገ? አህያ ላይ ዞረ። ከጾሙ በፊት ከመቶ 15 ገደማ የነበረው የአህያ ፀጉር በጾሙ ወደ 33 ከፍ አለ፤ ፋሲካ ሲያልፍ መልሶ ቀነሰ። አውሬው የኛን የጾም መቁጠሪያ ይዞ ነው የሚኖረው ማለት ነው። ከላይ ለጻፈችው እህታችን ለማለት የፈለግሁትን አንተ አስወጣኸው፦ ካዮቲውም የእናቷን ፋሲካ ቆጥሮ ይዟል።

ጥያቄ፦ ድመቴ ከጠፋች ሦስት ሳምንት ሆናት። ጎረቤቴ ካዮቲ ነው ይለኛል። እውነት ድመት ይበላሉ?
ከሎስ አንጀለስ

መልስ፦ ይበላሉ። አዝናለሁ። ምን ያህል የሚለው ከከተማ ከተማ ይለያያል። ቺካጎ አካባቢ 1,429 የካዮቲ ኩስ ተመርምሮ አይጥና መሰሎቹ በ42 ከመቶው ሲገኙ ድመት የተገኘው በ1.3 ከመቶው ብቻ ነው። እናንተ ከተማ ግን የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ባደረገው ጥናት ከመሐል ከተማው ከተሰበሰበው አንድ አምስተኛው የድመት ምልክት ነበረው። ፍራፍሬም ይበላሉ፤ ለጌጥ የተተከለ ዛፍ ፍሬ ሳይቀር። ሌላ ድመት ካመጣሽ ቤት ውስጥ ትኑር። ውጪ የምታድር ድመትን ለመጠበቅ የሚረዳ ዘዴ አላውቅም፤ አለኝ ብዬም አልዋሽሽም።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ሮክ ክሪክ ፓርክ አጠገብ አንድ አየሁ። ትልቅ ነበር፤ ተኩላ ነው ወይስ ቀበሮ? በአማርኛስ ምን እንበለው?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ካዮቲ ነው። ሮክ ክሪክ ከገባ ቆይቷል፤ በ2004 ነው መኖሩ የተረጋገጠው። የምሥራቁ ከኛ ይገዝፋል፤ ወደዚያ ሲስፋፋ በመንገዱ ከተኩላም ከውሻም ተዳቅሏል።

ስሙን በተመለከተ ስካውት ሳለሁም የሚያከራክረን ነገር ነበር። በአማርኛ «ቀበሮ» ብዙ ነገር ይሸከማል። የስሜኑና የባሌው ቀይ ቀበሮ በዘር ሲታይ ለተኩላና ለካዮቲ ነው የሚቀርበው፤ ጀርባ ጥቁሩ ቀበሮ ነው የሚርቀው። ስለዚህ ካዮቲን ስታይ የቀይ ቀበሮአችንን የአጎት ልጅ አየህ ብትል አልተሳሳትክም። ሁለቱም አይጥ አዳኝ ናቸው፤ ልዩነቱ የኛው ከ500 የማይበልጥ ሆኖ ከውሻ በሚጋባበት የእብደት በሽታ እያለቀ መሆኑ፣ ይኼኛው ደግሞ መንገድ ሲሠራለት እንኳ መብዛቱ ነው። የሳይንስ ስሙን በ1823 ያወጣለት ቶማስ ሴይ «ጮኺ ውሻ» ብሎታል። እውነቱን ነው፤ ሁለቱ ሲጮኹ አሥር ይመስላሉ። «ካዮቲ» የሚለው ስም የመጣው ከሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ፣ «ኮዮትል» ከሚሉት ነው።

እኔ «ካዮቲ» እንዳለ ይቆይ ባይ ነኝ። አንድ አብሮኝ ታክሲ የነዳ ልጅ ግን በዚህ ስም አይስማማም። ከብራዚል ተነሥቶ ጫካና ድንበር በእግሩ አቋርጦ ነው የመጣው፤ እዚያ መንገድ ላይ «ኮዮቴ» ሰው አሻጋሪው ደላላ ነው። ሻምበልን መጀመሪያ ያሳየሁት ሌሊት ስሙን ስነግረው ምግቡን ወደ ደረቱ አስጠግቶ «ይሄ ነው?» አለኝ። «የኔው ሦስት ሺህ ዶላር ተቀብሎኝ ጫካ ውስጥ ጥሎኝ ነው የጠፋው። ይኼኛው አጥንት ብቻ ከጠየቀኝማ ይምጣ።»